የሽታዬ ችግኞች የሄዱበት

አምቦ ከተማ ውስጥ ዛፍ መትከል ያማረው ሰው «አዴ ሽታዬ ጋ ሂድ» ይባላል። ግቢዋ ከሁሉቃ ወንዝ ከፍ ብሎ ተዳፋቱ ላይ ነው። ማለዳ ከወንዙ የሚነሳው ጉም መጀመሪያ የሚያርፈው የእሷ የችግኝ መደቦች ላይ ስለሆነ፣ በጠዋት የሄደ ሰው ሴትዮዋን አያያትም፤ የውሃ ማጠጫዋን ድምፅ ነው የሚሰማው። ቆይቶ ነጠላዋ ይመጣል፣ ቀጥሎ እጇ፣ ከዚያ ፊቷ። እኔ ሀብተሥላሴ እባላለሁ፤ ጉደር ውስጥ የጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። ከእሷ ጋር የተዋወቅነው ከቁንጫ በምታንስ አንዲት ተርብ ምክንያት ነው። የምነግራችሁን ግማሹን አብሬያት ሆኜ አይቻለሁ፤ ግማሹን ራሷ ነግራኛለች።

ሽታዬ ባይሳ የተወለደችው ደንዲ ውስጥ፣ ከጊንጪ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቷ አምቦ መጥታ የመንግሥት ችግኝ ጣቢያ ገባች፤ ሥራዋ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አፈር መሙላት ነበር። አርባ ሴቶች ክብ ሠርተው ተቀምጠው ይሞላሉ፣ ይዘምራሉ፣ ይሞላሉ። ከእነዚያ ሴቶች ሁሉ እሷ ብቻ አንድ ልማድ ነበራት፤ ከእጇ የወጣ ችግኝ የት እንደሄደ አትረሳም። በኋላ የራሷን ግቢ ስትከፍትም ልማዱ አልለቀቃትም። መኪና ስትሳፈር ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ውጭ ውጭውን ታያለች፣ «ያቺ ግራቪሊያ የእኔ ናት፤ ያ ጽድ የእኔ ነው» ትላለች፣ በጉራ ሳይሆን በሕልሙ እንደሚያወራ ሰው በለሆሳስ። ባሏ ሚልኬሳ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፤ «እኔ የመዝገብ ቁጥር እንኳ በሳምንቱ እረሳለሁ» እያለ ይገረምባታል።

በ2007 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ላይ በረዶ ዘነበ። ሩብ ሰዓት ያህል ነው የቆየው፤ ሲያባራ ግን መደቦቹ ላይ ቀና ያለ ችግኝ አልቀረም። ክረምቱ እየገባ ነበር፣ ደንበኞቿ ጉድጓድ ቆፍረው ይጠብቁ ነበር። እሷም ከቆላ የመጣ አንድ ነጋዴ አግኝታ አንድ አይሱዙ ሙሉ ቀይ ባህር ዛፍ ገዛች። ችግኞቹን ከመኪና ሲያወርዱ ቅጠሎቹ መሐል ጅማት ላይ የጤፍ ፍሬ የሚያክልና ከዚያም ተለቅ የሚል እባጭ አየች፤ አንዳንዱ አረንጓዴ፣ አንዳንዱ ወደ ሮዝ የሚያደላ፣ ጤዛ እንዳረፈበት የሚያብረቀርቅ። የቆላ ሙቀት ያመጣው መሰላት። ደግሞም አልደብቃችሁ፣ እሷም አልደበቀችኝም፣ እባጩ አምሮ ታይቷት ነበር። አንዱን ቅጠል በጥሳ ለረጅም ጊዜ በጣቷ ስትዳስሰው እንደቆየች ታስታውሳለች።

ያ ክረምት በሕይወቷ ከሁሉ የበለጠ ደስ ያላት ክረምት ነበር። በአይሱዙው ጋቢና ተቀምጣ ከጊንጪ እስከ ባኮ ድረስ ችግኞቹን ራሷ አደረሰች። ዝናቡ መስታወቱን ያጥባል፤ ሾፌሩ አይናገርም፤ መኪናው ይቆማል፤ ካቦርት የለበሰ ሰው ከዝናቡ ውስጥ ይወጣል፤ ችግኙን በሁለት እጁ ይቀበላል፤ ተመልሶ ዝናቡ ውስጥ ይጠፋል። እንዲያ እንዲያ እያለች ባኮ ደረሰች።

ሃዊ የመጣችው ከአራት ዓመት በኋላ በ2011 ነው። ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር፣ ነፍሳትን የምታጠና፣ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላት መምህርት ነበረች። በየመሥሪያ ቤቱና በየመናኸሪያው ወረቀት ለጠፈች። ወረቀቱ ላይ ያበጠ ቅጠል ፎቶ አለ፤ ከሥሩ «ይህን አይተዋል?» ይላል። በጠራችን ስብሰባ ላይ ነገሩን በቀላሉ አስረዳችን። ባህር ዛፍ ራሱ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው፤ ይህቺ ተርብም የዚያው አገር ሰው ናት፤ ዛፉን ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይታ ተከትላው መጣች። እንቁላሏን ለጋ ቅጠል ውስጥ ትጥላለች፣ ቅጠሉ ያብጣል፣ ልጆቿ እባጩ ውስጥ አድገው ቀድደው ይወጣሉ። ለጋ ዛፍ ሲደጋገምበት ይጣመማል፣ ቁመት አያወጣም። የት የት እንደደረሰች አንድ መምህርት ብቻዋን ዞራ አትጨርስም። ስለዚህ ያየ ሁሉ የቅጠሉን ፎቶ፣ ቦታውንና ቀኑን በቴሌግራም ግሩፕ ይላክላት። መምህራን፣ የግብርና ሠራተኞች፣ የሚኒባስ ሾፌሮች፣ እኔ፣ አዴ ሽታዬም ተመዘገብን።

ሽታዬ ያን ቀን እጇን አውጥታ፣ እባጩን በራሷ መደብ ላይ እንደምታውቀው ተናገረች። ሃዊም በማግሥቱ ግቢዋ ሄዳ አየች፤ የታመመውን ነቅላ እንድታቃጥል መከረቻት፣ አቃጠለች። ሽታዬ ተርቧን በሌላው ሰው ዛፍ ላይ እንደመጣችው ሁሉ በእሷም ላይ የመጣች አድርጋ ነበር የቆጠረችው። ሌላ አላሰበችም።

ከተመዘገብነው ሁሉ እንደ ሽታዬ የበረታ አልነበረም። ልጇ ዱረቲ ከነቀምት በላከችላት ስልክ ቅጠል ታነሳለች፣ ከሥሩ ጽሑፍ ሳይሆን ድምፅ ትልካለች፤ ግማሹ ኦሮምኛ፣ ግማሹ አማርኛ፣ መሐሉ ላይ የዶሮ ጩኸት። «ቶኬ ኩታዬ፣ ከድልድዩ ዝቅ ብሎ፣ ከሦስት ዛፍ ሁለቱ» ትላለች። አንድ ቀን ጉደር መጥታ ተርቧን በማይክሮስኮፕ አሳየኋት። በዓይን ስትታይ አቧራ የምትመስለው ተርብ እዚያ ውስጥ ጀርባዋ ሰማያዊና አረንጓዴ ሆኖ እንደ ብረት ያብረቀርቃል። ሽታዬ ዓይኗን ከመስታወቱ አላነሳ አለች።

«ይቺማ የሙሽራ ልብስ ነው የለበሰችው» አለችኝ ቀስ ብላ። «እንዲህ አምራ እንዴት ትጎዳለች ይባላል?»

በ2012 ኔትወርክ ለወራት ሲጠፋ የብዙዎቻችን ሪፖርት ቆመ። እሷ ግን ቅጠሎቹን ፖስታ ውስጥ እያደረገች፣ ቦታውን በላዩ ላይ እያስጻፈች በሚኒባስ ሾፌሮች እጅ መላክ ጀመረች። እኛም ተከተልናት። የሃዊ ቢሮ የባህር ዛፍ ሽታ ሸተተ፤ ፖስታዎቹ ጠረጴዛዋን ሞልተው መስኮቱ ላይ ተደረደሩ። የገባ ሰው ሁሉ ለጉንፋን የሚታጠን ይመስል በረጅሙ ይተነፍስ ነበር።

ሰኔ 2013 ላይ ሃዊ ሁላችንንም ዩኒቨርሲቲ ጠርታ የሰበሰብነውን በካርታ አሳየችን። አዳራሹ ጨለም ብሎ፣ ግድግዳው ላይ ምዕራብ ሸዋ ተዘርግታ፣ በላይዋ ቀያይ ነጥቦች ነበሩ። ሁሉም የራሱን ነጥብ ይፈልግ ጀመር። ሃዊ ስታስረዳ፣ ነፋስ ያመጣው ነገር ቢሆን እንደ ዘር ይበተን ነበር፤ ይህ ግን ይዘላል አለች። ጊንጪ አካባቢ ጥቂት፣ ከዚያ ብዙ ኪሎ ሜትር ባዶ፣ ከዚያ አምቦ፣ ጉደር፣ ደግሞ ዘሎ ጌዶ፣ ኢጃጂ፣ ባኮ። አስፋልቱን ይዞ የሄደ ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ ገና አላወቅንም አለች።

እኔ ከሽታዬ ኋላ ነበር የተቀመጥኩት። ነጠላዋን ጭብጥ አድርጋ ስትይዝ አየሁ። በኋላ እንደነገረችኝ፣ በዚያች ቅጽበት ነጥቦቹ ነጥብ መሆናቸው ቀረ። ጌዶ ላይ መንገዱ የሚታጠፍበት የዝናብ ቀን ሆነ፤ ኢጃጂ ላይ ያለው የትምህርት ቤት ግቢ ሆነ፤ ባኮ ጫፍ ላይ ያለው ደግሞ ችግኙን በሁለት እጁ የተቀበለው ኦቦ ቀንዓ ሆነ። አይሱዙው ግድግዳው ላይ ሲሄድ፣ ሲቆም፣ ሲሄድ አየችው። ምሳ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሳትበላ ወጣች።

ለዘጠኝ ቀን ግሩፑ ላይ ድምፅዋ ጠፋ። ስደውል ሚልኬሳ አንስቶ ትንሽ አሟታል አለኝ። እሷ እነዚያን ቀኖች ያሳለፈችው መደቦቿ መሐል ተቀምጣ ነው። ዓይኗን ስትጨፍን ቅጠሎች ይመጣሉ፣ ስትገልጥም እነዚያው ቅጠሎች ናቸው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ መንገድ ላይ እየሄዱ ለባሏ ነገረችው። ሚልኬሳ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን በሥራው ቃል ሰውን ሲያስር ሲፈታ ሲያይ የኖረ ነው። የታመመውን ችግኝ የሸጠላት ነጋዴው መሆኑን፣ ነፋስም መኪናም መኖሩን፣ ማንም እንዳልጠየቃት፣ በዚህ ከተማ ገና ብዙ ዓመት እንደሚኖሩ ነገራት። ረጅም ጊዜ ተናገረ። እሷ አንድ ነገር ብቻ መለሰችለት።

«ሚልኬሳ፣ ነጥቦቹን እኮ የላክኋቸው እኔው ነኝ።»

ሰኞ ጠዋት ግን ሚልኬሳ ከሥራ አስፈቅዶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሶ፣ እሷን ተከትሎ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ሃዊ ቢሮ ውስጥ ሽታዬ ስትናገር እሱ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር።

ሃዊ እስክትጨርስ አላቋረጠቻትም። ሲያልቅ ውሃ ቀዳችላት። ከዚያ ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለራሷም የምታስረዳ እየመሰለች ተናገረች። «አዴ ሽታዬ፣ እርስዎ ብቻ ነዎት ያመጡት ማለት አልችልም። ሌላም የችግኝ መኪና አልፎ ይሆናል። እርስዎ አይደሉም ልልዎትም አልችልም።» ቀጥላም ጠየቀቻት፣ «የት የት እንዳወረዱት ያስታውሳሉ?»

«ሁሉንም» አለች ሽታዬ።

ሦስት ጠዋት ፈጀ። ሽታዬ ወንበሩ ላይ ዓይኗን ጨፍና ተቀመጠች፣ ሃዊ ኮምፒውተሯ ላይ ጣቷን አዘጋጅታ ትጠብቃለች። ሽታዬም ከጊንጪ ተነሳች። መኪናው ሲንቀጠቀጥ ይታወቃት ነበር። «አሁን ድልድይ አለፍን፤ በግራ ሾላ አለ፤ እሱን እንዳለፍን አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ቆማለች፣ እሷ ጋ ሃምሳ ችግኝ» ትላለች። አንዳንዴ ታቆማለች፤ በሐሳቧ ያለው ዝናብ ሲያባራላት ትቀጥላለች። እንቅልፍ ላይ ያለች የምትመስል ሴት አንድም ቦታ አልዘለለችም፤ በሦስተኛው ቀን ባኮ ስትገባ ሠላሳ አንድ ቦታ ሆነ።

ከሠላሳ አንዱ ሃያው ቀድሞውንም ካርታው ላይ ነጥብ ነበረው። አሥራ አንዱን ማንም አላየውም ነበር። በዚያ ክረምት ተከፋፍለን ሄድን። ስምንቱ ጋ እባጩን አገኘነው፤ አንዱ ቦታ ችግኙን ገና ያኔ ከብት በልቶታል፤ አንዱ ጋ ቤት ተሠርቶበታል፤ አንዱ ጋ ደግሞ ዛፎቹ ያለ አንዳች እባጭ ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ ምክንያቱን እስካሁን የሚያውቅ የለም። ሃዊ እንደገለጸችልን፣ ተርቧ ችግኙ ከተተከለበት ቦታ ተነስታ በዓመት ምን ያህል እንደምትጓዝ መለካት የቻለችው የመነሻውን ቀን የሚያውቅ ሰው ስላገኘች ነው።

ለሃዊ ሥራው እዚያ ላይ ሊበቃ ይችል ነበር። ሽታዬ ግን ሠላሳ አንዱም ሰው ጋ ሄጄ ልንገር አለች። ሃዊ ግዴታ እንደሌለባት ነገረቻት። ሚልኬሳም መንገዱን ፈራላት። እሷ ግን መሄድ ጀመረች፤ እረፍት ባገኘሁ ቁጥር አብሬያት እሄድ ነበር። ብዙዎቹ ሳቁ። አንዱ፣ ከእግዜር የመጣ ነው ብሎ የማር ጠጅ አቀረበልን። የኢጃጂው ርዕሰ መምህር ቅጠሉን ተቀብሎ ወደ ክፍል ይዞት ገባ። ጉደር ላይ አንዲት ሴት፣ ዝም ብትይ ምን ነበረበት፣ አሁን ዛፌን ባየሁ ቁጥር አንቺን ላስብ ነው ብላ በሯን ዘጋችባት።

ባኮ የሄድነው ጥቅምት 2014 ላይ ነው። ከጌዶ ብርድ ወርደን ወደ ቆላው ስንገባ ሙቀቱ አሸነፋትና መስታወቱን ተደግፋ ተኛች። ስትነቃ ሕልሟን ነገረችኝ። ችግኞቹ ሥራቸው ያለበትን ከረጢት ምሳ ዕቃ እንደያዘ ተማሪ አንጠልጥለው በአስፋልቱ ዳር ተሰልፈው ወደ ላይ፣ ወደ አምቦ ይሄዱ ነበር። ልታስቆማቸው አልፈለገችም፤ መንገድ እንዳይሳሳቱ ብቻ ትጠብቃቸው ነበር።

ኦቦ ቀንዓን በቆሎ እየሰበሰበ አገኘነው። ስድሳ የሚጠጋ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። ዛፎቹን የተከለው ከወንድሙ ከዋቆ ጋር በሚዋሰንበት ድንበር ላይ ነበር፤ ለልጆቹ ቤት አጣና እንዲሆኑት። እነሱ ግን ከሰው ቁመት ብዙም አልበለጡም፤ ተጣምመዋል፤ ቅጠላቸው ተጠቅልሏል። ሽታዬ አንዱን ቅርንጫፍ ዝቅ አድርጋ እባጩን አሳየችው፣ እሷ ያመጣችው ችግኝ እንደሆነም ነገረችው። ቀንዓ ማጭዱን መሬት ላይ አስቀመጠ።

ታሪኩን ያኔ ነው የሰማነው። ዋቆ ከመጀመሪያውም ባህር ዛፍ ድንበር ላይ አትትከል፣ የበቆሎዬን ውሃ ይጠጣብኛል ብሎ ተቃውሞ ነበር። ቀንዓ እምቢ ብሎ ተከለ። ዛፎቹ መጣመም ሲጀምሩ ወንድሙ በድብቅ መርዝ አፍስሶባቸዋል ብሎ አመነ። ሽማግሌ ገባ፣ አልሆነም። ቤታቸው በአንድ ማሳ ይለያያል፤ ከተነጋገሩ ግን አምስት ዓመት አልፏል። የእናታቸው ለቅሶ ላይ እንኳ ጀርባ ለጀርባ ነው የተቀመጡት።

«በዚህ ቅጠል ነው?» አለ ቀንዓ። እባጩን በአውራ ጣቱ ጥፍር ከፈለው። ውስጡ ነጭ ነገር ነበር። «አምስት ዓመት ወንድሜን ያኮረፍኩት በዚህች ነው?»

መልስ አልጠበቀም። ቁጭ በሉ ሳይለን፣ ቅርንጫፉን ገንጥሎ ይዞ፣ በተሰበረው የበቆሎ አገዳ መሐል አቋርጦ ወደ ወንድሙ ቤት ሄደ። እኛ ፀሐይ ላይ ቆመን ቀረን። ሽታዬ «ልሂድ ወይስ ልቁም?» አለችኝ። እንቁም አልኳት። ሙቀቱ ከመሬት እየተነሳ ሲንቀለቀል ያ የወንድሙ ቤት ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ይመስል ነበር፤ ሰው ይግባበት ይውጣበት አይለይም።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ሁለቱ መጡ፤ አብረው ሳይሆን ቀንዓ ከፊት፣ ዋቆ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ። ዋቆ ለእኛ ሰላምታ ሰጠ፣ ወንድሙን አላየውም። ሽታዬ ፊት ቆመና ለእሱም እንደገና እንድታሳየው በኦሮምኛ ጠየቃት። እሷም ከመጀመሪያው ጀምራ፣ በረዶውን፣ ነጋዴውን፣ አምሮ የታያትን እባጭ፣ ሁሉን ነገረችው። ዋቆ ሰምቶ ሲጨርስ ለረጅም ጊዜ ዛፎቹን ቆጥሮ የሚጨርስ ይመስል ተመለከተ።

«ውሃዬን ግን ጠጥተዋል» አለ በመጨረሻ።

ቀንዓ ሳቀ። ሊስቅ አስቦ አይመስለኝም፤ አመለጠው። ዋቆ አልሳቀም፤ ማጭዱን ግን ከመሬት አንስቶ ለወንድሙ አቀበለው።

ጥር ላይ ዛፎቹን አብረው እንደቆረጡና ቅጠሉን እንዳቃጠሉት በስልክ ሰማን። ድንበሩ ላይ ምን ይተከል በሚለው እስካሁን አልተስማሙም። ቀንዓ ሴት ልጁን ሲድር ዋቆ መጥቶ በልቷል፤ በበዓል ግን አይጠራሩም ይላሉ። ሽታዬ ይህን ስትሰማ ለአፍታ ዓይኗን ጨፈነች፤ ባኮ ደርሳ የተመለሰች መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ቀይ ባህር ዛፍ አፍልታ አታውቅም። መደቦቿ ላይ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ግራቪሊያና ጽድ ነው ያለው። ፈላጊው ቀንሷል፤ ቶሎ የሚደርስ ዛፍ የሚፈልግ ሰው ሌላ ጋ ይሄዳል፣ እሷም ሄደው ሲገዙ ቅጠሉን ገልብጠው እንዲያዩ ትነግራቸዋለች። ሃዊ ለትምህርት ጅማ ሄደች፤ ግሩፑን ትታ የሄደችው ለሽታዬና ለእኔ ነው። አሁን ከመቶ በላይ ሰው አለበት። ሚልኬሳም ገብቷል፤ ፎቶ አይልክም፣ የቦታ ስም ሲሳሳት ብቻ ያርማል።

ዘንድሮ፣ በ2017 መባቻ ላይ፣ ሽታዬ ዘመድ ልትጠይቅ ደንዲ ወጥታ ነበር። ከደንዲ ሐይቅ በላይ ያለው ደጋ ላይ ጥቂት ሰዎች ቀይ ባህር ዛፍ ሞክረዋል የሚል ወሬ ሰምታ፣ ከዘመዶቿ ቤት ተነስታ በእግሯ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ግሩፑ ላይ ድምፅዋ መጣ። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ከኋላዋ ነፋስ አለ።

«ደንዲ፣ ከሐይቁ በላይ። አርባ ሁለት ዛፍ አየሁ። ቅጠሉን ገለባብጬ በጣቴም ዳስሼዋለሁ፤ ልሙጥ ነው፣ ምንም የለም። ምንም የለም ብላችሁ መዝግቡልኝ። ዝናብ ጀምሮኛል፣ ስልኩን ልዘጋው ነው።»